ሊቶሪና ራሷን የነቀነቀችበት ምክንያት

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ከአዋሽ የመጣው ቡድን ያቀረበው መስመር ተከታይ ሮቦት ፕሮግራም የተማሪዎቹ ሥራ ሆኖ ባለመገኘቱ ቡድኑ ከውድድሩ ተሰርዟል። የቡድኑ መሪ ተማሪ ሐያት ሸምሰዲን ስትጠየቅ የሰጠችው መልስም ሥራው የእርሷ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል።»

ልጄ፣ ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ከሥሩ «የዳኞች ሰብሳቢ» ይላል፤ ፊርማሽ አለበት፤ ግልባጩ ለትምህርት ቤቱ ተልኳል። እኔን «ለክለቡ አስተባባሪ» ብለሽኛል። ሥራ ሥራ ነው፤ በዚያ አልከፋም። የከፋኝ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው።

ግን እንደምን ሰነበትሽ? የሰመራ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ባለፈው ከእናትሽ ጋር ስታወሪ ጉንፋን ይዞኛል ብለሻት ነበር። በዚያ ሙቀት ጉንፋን ከየት እንደመጣ አልገባኝም፤ ተሽሎሽ እንደሆነ ግን ንገሪን። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ያው እንደነበረ ነው። እኔ ባለፈው ሳምንት ግፊቴን ስለካ ነርሷ «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። «ደብዳቤ ደርሶኝ ነው» አልኳት።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። በስልክ ግን ድምፄ ከፍ ይላል፤ አንቺም «አባዬ፣ ኔትወርኩ አስቸገረ» ትያለሽ፤ ከዚያ ይቋረጣል። ስለዚህ ጻፍኩ። ወደ ሰመራ በሚሄደው አውቶቡስ እልከዋለሁ።

አንቺ እነዚህን ልጆች ያየሻቸው ለሃያ ደቂቃ ነው። እነማን እንደሆኑ ልንገርሽ። ሐያት የሸምሰዲን ልጅ ናት። አባቷ ከጣቢያው ማዶ ባለው ጋራዥ የጅቡቲ መስመር መኪናዎችን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ሰው ነው። እሷ አሥረኛ ክፍል ናት። ስትናገር ትቸኩላለች፤ ስትጽፍ ግን አትቸኩልም። አብዱልአዚዝ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ አፉን የሚፈታው ቁጥር ሲያይ ብቻ ነው። የምንሰበሰበው አንቺ በምታውቂው በድሮው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። መስኮቶቹን ከፀሐይ ለመከላከል በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነናቸዋል። ያሉን ኮምፒውተሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሲሞቀው ይጠፋል።

ሮቦቷን በአምስት ወር ሠሯት። ሁለት ትናንሽ ሞተሮች፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ባትሪና ከዘይት ጀሪካን ተቆርጦ የተሠራ አካል አላት። ነጭ ወለል ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ፕላስተር ተከትላ ትሄዳለች። ሌላ ፕላስተር መንገዷን ሲያቋርጥ ጣቢያ ነው ብላ ትቆማለች፣ ትጮኻለች፣ ትነሳለች። ጣቢያዎቿ ሦስት ናቸው፤ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ። በድሮዋ የመንገደኛ ባቡር ስም ሊቶሪና አሏት። ሐያት በፕሮግራሙ ውስጥ ለትእዛዞቹ የሰጠቻቸው ስሞች «ሂጂ»፣ «ቁሚ»፣ «ዙሪ» የሚሉ ናቸው። በእንግሊዝኛ ይሁን ብያት ነበር። «ቲቸር፣ ሊቶሪና እንግሊዝኛ መች ተማረች?» አለችኝ። ተውኳት።

ከሆዷ ሥር ወለሉ ላይ ብርሃን እየረጨ ተመልሶ የሚመጣውን የሚለካ ሴንሰር አለ። ነጭ ወለል ብዙ ይመልሳል፣ ጥቁር ፕላስተር ጥቂት። ስለዚህ በመካከል አንድ የድንበር ቁጥር ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ነጭ፣ ከዚያ በታች ጥቁር። አብዱልአዚዝ ያንን ቁጥር ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ጠዋት ለካ፣ ቀትር ላይ ለካ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለካ፣ በደብተሩ ሠንጠረዥ አሰመረ። በመጨረሻ 480 አለ። ሐያት ቁጥሩን ፕሮግራሙ ውስጥ ስታስገባ ከጎኑ «የአብዱልአዚዝ ቁጥር» ብላ ጻፈችበት።

ግንቦት 9 ቀን ሰመራ፣ የውድድሩ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን አንቺ ከፊት፣ እኔ ከሦስተኛው ረድፍ ሆነን አይተናል። ሐያት ቁልፉን ስትጫን ሊቶሪና ወዲያው አልሄደችም። ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፣ እንደገና ወደ ግራ፤ ራሷን የምትነቀንቅ ነው የምትመስለው። ከዚያ ቀጥ ብላ ተነሳች። አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ፤ አንዱንም አልሳተችም። ሰው አጨበጨበ። አንቺ አላጨበጨብሽም። ማይክሮፎኑን ይዘሽ «ከመነሳቷ በፊት ግራና ቀኝ የምትለው ለምንድን ነው?» ብለሽ ጠየቅሻት።

ሐያት ሊቶሪናን አየቻት፤ አብዱልአዚዝን አየችው። ከዚያ «ሰላም እያለቻችሁ ነው» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቱን እየመታ ነበር የሚስቀው። አንቺ ግን አልሳቅሽም፤ «ፕሮግራሙ ላይ አሳዪኝ» አልሻት። ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ከዚያ ጣቷ ቆመ። «ይህንን እኔ አልጻፍኩትም» አለች። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበረ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

ማስረጃ ያደረግሽው ይህንን መልስ ነው። እስቲ አስቢው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት፣ ከሳቁ በኋላ፣ ቀላሉ ነገር መዋሸት ነበር። «እንዲህ ያደረግነው ለሚዛን ነው» ብትል ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅባትም። እሷ ግን እውነቱን ተናገረች። አንቺ ያንን እውነት ወስደሽ ጥፋት አደረግሽው፤ ስሟን ከነአባቷ ጽፈሽ ለትምህርት ቤቷ ላክሽው። ሌላ ሰው ቢጽፈው እዚያው ሰመራ ድረስ መጥቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት ነበር።

ውጤቱን ስሚ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ጉግሳ ደብዳቤሽን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። «ግልባጭ የተባለ ይለጠፋል» አለኝ። አሁን ተማሪዎቹ ሐያትን ሲያገኟት ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይነቀንቁላታል። «ምነው ሐያት፣ ሰላም እያልንሽ ነው እኮ» ይሏታል። ከትምህርት ቤት ከቀረች ስምንት ቀን ሆናት። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ልታመለክት ቅጹን ሞልታ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ የሥነ ምግባር ማረጋገጫ ብቻ ነው የቀራት። አቶ ጉግሳ አልፈርምም ብሏል። «ይህ ወረቀት ፋይሏ ውስጥ ተቀምጦ ምስጉን ናት ብዬ ልፈርም? ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ይላል። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ሰኔ 20 ይዘጋል።

ሸምሰዲን ባለፈው ሰኞ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ቤታችን መጣ። ቁጭ በል ብለው ወንበሩን አቆሽሻለሁ ብሎ እምቢ አለ። «መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። ልጄ ሌባ ናት?» አለኝ።

«አይደለችም» አልኩት።

«ታዲያ ማነው?»

«ዳኞቹ ተሳስተው ነው» አልኩት።

እጁን በሥራ ልብሱ ጠረገ። ከዚያ «እኔ ሞተር ፈትቼ ስገጥም አንድ ብሎን ቢተርፈኝ ለባለመኪናው እነግረዋለሁ። ቢቆጣም ይቆጣ። መንገድ ላይ ከሚቆም ይሻላል» አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ዳኛዋ ልጅህ ናት ይባላል» አለኝ። አዎ አልኩት። «አላህ ያስታርቃችሁ» ብሎ ሄደ።

እኔና አንቺ መቼ ተጣላን? ይህን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር።

ሰኔ 1 ቀን

ይህን ደብዳቤ አምስት ቀን አቋርጬው ነበር። ምክንያቱ እናትሽ ናት። እዚያ ድረስ እንደጻፍኩ «ለእሷ የምትጽፈውን ለእኔ አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። ጉልበቷን እያሻሸች እስከ መጨረሻው ሰማች። «የልጅቱን ነገር ሰማሁ፣ የዳኛዋንም ሰማሁ። አንተ የት ነበርክ?» አለችኝ።

«ሦስተኛው ረድፍ» አልኳት።

«አፍህስ?» አለች።

ስለዚህ እስካሁን ወደ ዘለልኳት ወደ ሚሌ ልመለስ። ስለ ሚሌ ማንም አልጠየቀኝም፤ አንቺም አልጠየቅሽኝም።

ግንቦት 8 ቀን ወደ ሰመራ ስንመጣ ለምሳ ሚሌ ቆምን። ዓርብ ስለነበረ ሐያትና አብዱልአዚዝ ለጁምዓ መስጊድ ሄዱ። እኔ ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ዕቃውን ይዤ ቀረሁ። ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሆኖ ወርዶ ነበር። ዝም ብዬ፣ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ፣ የሊቶሪናን ሴንሰር ጥቁሩ ፕላስተር ላይ አስቀምጬ አነበብኩ። 610 አለኝ። ጥቁሩ ነጭ ሆኗል ማለት ነው። የሰመራውን አዳራሽ አምና አይቼዋለሁ፤ ከግድግዳው መስኮቱ ይበዛል። 480 በከረጢት በተሸፈነ ክፍል ውስጥ የተገኘ ቁጥር ነው። እዚያ እንደማይሠራ አወቅኩ።

ያወቅኩትን ልነግራቸው እችል ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሊቶሪና ከመነሳቷ በፊት ግራና ቀኝ እየዞረች፣ ጥቁሩንም ነጩንም እዚያው በቆመችበት ብርሃን እንድትለካና ድንበሩን ራሷ እንድታወጣ አደረግኩ። አሥራ አራት መስመር ነው። ንጹሕ ሥራ ነው፤ በሥራው አላፍርም። 480ን ከጎኑ ከተጻፈው ስም ጋር አጠፋሁት።

ሲመለሱ ምግቡ ቀርቦ ነበር። እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አብዱልአዚዝ ከሹፌሩ ጋር በኳስ ተከራከረ፤ ሐያት ሰመራ ስንደርስ ምን ምን እንደምትል ትለማመድ ነበር፣ ያቋረጥኳት እንደሆነ ይጠፋባታል ብዬ ተውኩ። ሰመራ ስንደርስ አዘጋጆቹ ዕቃውን ተረከቡ፤ እስከ ማግስቱ መንካት አይቻልም ተባለ። በማግስቱ አንቺ ጠየቅሻት። አስተማሪዎች እንዳይናገሩ ተብሎ ነበርና ዝም አልኩ። ሕጉን አከበርኩ። ከዚያም በኋላ፣ ሕጉ ሲያበቃ፣ መንገድ ላይ፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ዝም አልኩ። ሐያትና አብዱልአዚዝ ያን ሁሉ መንገድ ማን እንደነካባቸው ሲነጋገሩ፣ አዘጋጆቹን ሲጠረጥሩ፣ የሚሌውን አስተናጋጅ ሲጠረጥሩ ሰማኋቸው። እኔን አልጠረጠሩኝም።

እናትሽ «አፍህስ?» ባለችኝ ማግስት ጋራዥ ሄድኩ። ሸምሰዲን ከመኪና ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። «ሸምሰዲን፣ የተረፈኝ ብሎን አለ» አልኩት። ተንሸራቶ ወጣ። እዚያው በርከክ ብዬ ነገርኩት። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በያዘው መፍቻ ወደ ጓሮ እየጠቆመ «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ባለቤቷ እዚያ ናት» አለኝ።

ሐያት በናፍጣ ብሎን እያጠበች ነበር። ነገርኳት። እጇን በጨርቅ ጠረገች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «480 ሰመራ ላይ አትሠራም ነበር?» የሚል ነበር።

«አትሠራም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሚሌ ላይ ለክቻለሁ።»

«ታዲያ ትውደቅ ነበራ! እኛ ነን የምንወድቀው» አለች። ቀጥላም «ቲቸር፣ ሰላም እያለች ነው ያልኩት ወላሂ ስቀልድ አይደለም። ሊቶሪናን እኔ ነኝ የማውቃት። እኔ ያላዘዝኳትን ስታደርግ ሌላ ምን ልበል?» አለችኝ። 

አረፋ አለፈና ትናንት ቅዳሜ ሁለቱም ክለቡ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኮምፒውተሩን ጠየቁኝ። እኔ ቆሜ እያየሁ ሐያት አሥራ አራቱን መስመር አጠፋችው። 480ን መለሰች፤ ስሙንም መለሰች። ከዚያ አብዱልአዚዝ ከኪሱ የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ አወጣ፤ ከጋራዡ ነው። በሴንሰሩ ዙሪያ እስከ ወለሉ ድረስ እንደ ቀሚስ አለበሷት። «ፀሐዩ እንዳይገባባት ነው። በከረጢት የሸፈንነው መስኮቱን ነበር፣ አሁን እሷን ሸፈንናት» አለኝ። አብዱልአዚዝ ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳስተምር ቀሚሱ አልታየኝም ነበር። ችግሩን ነግሬያቸው ቢሆን ሚሌ ላይ አሥር ደቂቃ ይበቃቸው ነበር።

ቀትር ላይ ግቢው ውስጥ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ስድስት ጊዜ ሞከሯት። አራት ጊዜ ድሬዳዋ ደረሰች። አንድ ጊዜ ሚኤሶን ሳትቆም አለፈች፣ አንድ ጊዜ ከመስመር ወጥታ ጫማዬን መታችው። ለምን እንደወጣች ወዲያው ገብቶኛል። አልነገርኳቸውም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ይህ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልጻፍና ልጨርስ። የሐያት ጣት ኮምፒውተሩ ላይ ሲቆም የነበራትን ፊት ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። በ2000 ዓ.ም. አዳማ ላይ፣ አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር፣ የባቡር ምልክት ደወል ሠርተሽ ስታቀርቢ። የደወሉን ማግኔት ሽቦ አንቺ ትምህርት ቤት በነበርሽበት ከሰዓት በኋላ ፈትቼ እንደገና ጠምጥሜው ነበር፤ የአንቺው ላላ ብሎብኝ። ሽማግሌው ዳኛ «ይህ ሽቦ ስንት ዙር ነው የኔ ልጅ?» ሲሉሽ ሽቦውን አየሽ፤ ከዚያ ዞረሽ እኔን ፈለግሽ። እኔ ከኋላ «ሦስት መቶ ሃያ!» አልኩ። ሰው ሳቀ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው ተባለ። አንደኛ ወጣሽ፤ ሬዲዮ ተሸለምሽ። ወደ አዋሽ ስንመለስ ሬዲዮውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ ታዪ ነበር። ደክሟት ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ የሠራሽውን ነገር አሳይተሽኝ አታውቂም። ልጄ ራሷን ችላለች፣ እርዳታ አትፈልግም እያልኩ ለሰው ስናገር ኖርኩ።

አሁን የምጠይቅሽ ይህ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የፈረምኩበት አንድ ገጽ መግለጫ አለ። ፕሮግራሙን ግንቦት 8 ቀን ሚሌ ላይ የለወጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ተማሪዎቹ እንደማያውቁ ይናገራል። ግልባጩን ዛሬውኑ ለአቶ ጉግሳ እሰጠዋለሁ፤ ግልባጭ ይለጠፋል ብሎኛልና ይለጥፈው። ቡድኑ መሰረዙን አልከራከርም፤ በዚያ ትክክል ነሽ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ስህተት ነው። አባትሽ ስለሆንኩ ወይም ስለተቆጣሁ ሳይሆን ስህተት ስለሆነ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ተማሪ ሐያት ሸምሰዲን ስትጠየቅ እውነቱን መናገሯን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ይጻፍ። በስልክ የተነገረ ነገር አቶ ጉግሳን አያስፈርመውም።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልሽ። ሥራሽ ይባረክ። የምታስተምሪያቸው ሁሉ አላውቅም ለማለት የማይፈሩ ይሁኑልሽ። እናትሽ ግንባርሽን ስማሻለች።

ሌላም ወረቀት ጻፊልኝ፤ ይኸኛው ማኅተም አያስፈልገውም። ያን ቀን አዳማ ላይ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ለሽማግሌው ምን ትመልሺላቸው ነበር? አሥር መስመርም ይሁን አንድ፣ ያለ እኔ እርማት፣ እንደመጣልሽ ጻፊው። የሐያት ደብዳቤና ለእኔ የምትጽፊው መልስ፣ ሁለቱም በጽሑፍ፣ እስከ ዓርብ ሰኔ 13 ቀን እጄ ይግቡ።

አባትሽ